ኮሪያኛን የት እንቁረጠው? የአንድ ትንሽ የፍለጋ ሞተር የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 29

ዛሬ በደቡብ ኮሪያ የኮሪያኛው ፊደል፣ የሃንጉል ቀን ነው። ቤተ ሙከራው ተዘግቷል፤ እኔም ዴጆን በሚገኘው ክፍሌ ከላፕቶፔ ጋር ተቀምጫለሁ። ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 ያዘጋጁትና በ1446 ለሕዝብ ያወጁት ፊደል በየዓመቱ ይከበርለታል፤ ከ2013 ጀምሮም ቀኑ እንደገና ሥራ የሚዘጋበት በዓል ሆኗል። (ዕለታቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ዓመታቱ ግን ሁሉም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ያሰብኩት ሥራ ይህ ነው። በኮሪያኛ የተጻፉ አንቀጾችን የሚፈልግ ትንሽ ሞተር እሠራለሁ፤ የውጤት አሰጣጡን (ቢኤም25 የሚባል፣ ብርቅ ቃልን አብልጦ የሚመዝን ቀመር ነው) ሳልነካ ጽሑፉ የሚቆረጥበትን መንገድ ብቻ እየለዋወጥኩ አወዳድራለሁ። የፍለጋ ሞተር ማለት በመሠረቱ ከመጽሐፍ ጀርባ እንደሚገኘው ማውጫ ያለ ነገር ነው። ቃሉ በየትኛው ገጽ እንዳለ ይመዘግባል። ኮሪያኛ ላይ ሲደርስ ግን «ቃሉ» የሚባለው የትኛው ነው? የምጣላው ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው።

የምሠራበት መረጃ ኮርኳድ ይባላል። ኤልጂ ሲኤንኤስ የተባለው ኩባንያ በ2018 ያወጣው ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነው ክፍሉ ከኮሪያኛው ዊኪፒዲያ 1,560 ጽሑፎች የተወሰዱ 10,645 አንቀጾችን እና 66,181 ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ይዟል። ሲዘጋጅ የታሰበው ለንባብ ግንዛቤ ነው፤ ማሽኑ አንቀጹ ይሰጠውና መልሱን ከውስጡ ይጠቁማል። እኔ አንቀጹን እደብቅበትና ፈልገህ አምጣ እለዋለሁ። 60,407ቱን የሥልጠና ጥያቄዎች ለማስተካከያ፣ 5,774ቱን ደግሞ ለፈተና አድርጌያቸዋለሁ።

መለኪያዬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ትክክለኛው አንቀጽ ከመጀመሪያዎቹ 10 ውጤቶች መካከል መገኘቱ ነው። ሁለተኛው የደረጃው ግልባጭ ነው፤ አንደኛ ከወጣ ሙሉ ነጥብ፣ ሁለተኛ ከወጣ ግማሽ፣ ሦስተኛ ከወጣ ሲሶ እያለ ይወርዳል።

ጥቅምት 1

ከፍለጋ በፊት ኮድ። ሃንጉል ከሩቅ ሲያዩት እንደ ቻይና ጽሑፍ የተወሳሰበ ይመስላል እንጂ እያንዳንዱ ሳጥን የድምፅ ፊደላት የተገጣጠሙበት አንድ ቀለም ነው (ቀለም ስል የሰዋስው መምህራን በሚሉት ትርጉም ነው)። 19 መነሻ ተነባቢዎች፣ 21 አናባቢዎች፣ 27 መዝጊያዎች አሉ፤ መዝጊያ የሌለበትን ሲጨምሩ የመጨረሻው 28 ይሆናል። 19 በ21፣ ያም በ28 ሲባዛ 11,172 ይመጣል። ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ እነዚህን ሁሉ ከ44032 እስከ 55203 በተርታ አስቀምጧቸዋል። ስለዚህ አንድን ቀለም ወደ ፊደላቱ ለመፍታት ሠንጠረዥ መፈለግ የለብኝም፤ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ይበቃል። «ሃን» የሚለውን ልውሰድ። መነሻው «ህ» ከዜሮ ሲቆጠር 18፣ አናባቢው 0፣ መዝጊያው «ን» 4 ነው። 18 በ21 ሲባዛ 378፤ 378 በ28 ሲባዛ 10584፤ 4 ሲደመርበት 10588፤ በ44032 ላይ ሲጨመር 54620። የ«ሃን» ቁጥር ይህ ነው። ይህን ወደ ኋላ የሚሄድ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ተግባር ጻፍኩ፤ በኋላ ለፊደል ግድፈት ያስፈልገኛል።

በነገራችን ላይ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ላይ ጎረቤታሞች ነን። የተናጠል የሃንጉል ፊደላት ከ4352 እስከ 4607 ባለው ቦታ ላይ ሰፍረዋል፤ 4608 ላይ «ሀ» ብሎ የሚጀምረው የእኛ ፊደል ነው። ሃንጉልን በግዕዝ ፊደል ስጽፍም አንድ ነገር አስደስቶኛል። በላቲን ሲጻፉ ሁለት ሁለት ፊደል የሚወጣላቸው ሁለት የኮሪያኛ አናባቢዎች ለእኛ ግዕዝና ሳድስ በጣም ይቀርባሉ። ስለዚህ እዚህ «ሰ» ስል ግዕዙን፣ «ን» ስል ሳድሱን እንደ አማርኛ አንብቡት።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ የተመቸ አልነበረም። በ1987 የወጣው የኮሪያ የኮድ ደረጃ 2,350 ቀለሞችን ብቻ ነበር የያዘው፤ የቀሩት 8,822 ቦታ አልነበራቸውም። በ1990ዎቹ መባቻ በቴሌቪዥን የታየ አንድ ድራማ የርዕሱ የመጀመሪያ ቀለም ከእነዚያ ከቀሩት አንዱ ሆኖ በኮምፒውተር መጻፍ ያስቸግር እንደነበር እስከ ዛሬ ይወራል። ማይክሮሶፍት በኋላ የቀሩትን ጨምሮ ሞላቸው። ዛሬም ከቆዩ ድረ ገጾች የሚወርድ ጽሑፍ በየትኛው ኮድ እንደ ተጻፈ ሳይጣራ ወደ ማውጫ መግባት የለበትም።

በሥራ ቦታ የሚቀድመኝ ባልደረባዬ (እዚህ እንደ ልማዱ ሰንቤኒም እለዋለሁ፤ ቀድሞ የገባ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም) ሌላ ማስጠንቀቂያ ጨምሮልኛል። አንድ ቀለም በአንድ ቁጥር ሊጻፍ ይችላል፤ ተፈትቶ በሁለት ወይም በሦስት የፊደል ቁጥሮችም ሊጻፍ ይችላል። ለዓይን ፍጹም አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን አይተዋወቁም። ከማክ ኮምፒውተር የመጡ የፋይል ስሞች ብዙ ጊዜ የተፈቱ ሆነው ይገኛሉ። ሁሉንም ጽሑፍ፣ ጥያቄውንም ጨምሮ፣ መጀመሪያ ወደ ተዋሐደው ቅርጽ መለወጥ ነው። አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ካልተጻፈ ግን ፍለጋው ባዶ ሲመለስ ሰው ምክንያቱን በዓይኑ ሊያየው አይችልም።

ጥቅምት 4

የመጀመሪያው ቁረጣ ክፍተትን መከተል ነው። ኮሪያኛ በቃላት መካከል ክፍተት ይተዋል፤ በ1896 የተመሠረተው «ቶንግኒፕ ሺንሙን» ጋዜጣ ሙሉ በሙሉ በሃንጉልና በክፍተት እየተጻፈ ልማዱን አስፋፍቷል። በክፍተት የተለየው ቁራጭ ኧጀል ይባላል። ችግሩ ኧጀል ቃል ብቻ አለመሆኑ ነው። ከስም ጀርባ ጆሳ የሚባሉ ቅጥያዎች ይለጠፋሉ፤ ባለቤትን፣ ተሳቢን፣ ቦታን፣ መነሻንና መድረሻን የሚያሳዩ ናቸው። ቤተ መጻሕፍት «ዶሰጓን» ነው። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሆን «ዶሰጓንኤሰ»፣ እስከ ቤተ መጻሕፍት ሲሆን «ዶሰጓንካጂ»፣ ቤተ መጻሕፍቱን ሲሆን «ዶሰጓንእል» ይሆናል። አማርኛ «በ»ን «ከ»ን «የ»ን ከፊት፣ «ን»ንና «ም»ን ከኋላ ይለጥፋል፤ ኮሪያኛ ሁሉንም ከኋላ ይደረድራል። ግሱ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጊዜውም፣ አክብሮቱም፣ ጥርጣሬውም፣ ጥያቄውም ጅራቱ ላይ ይንጠለጠላል።

ውጤቱ እንደ ተጠበቀው ደካማ ነው። ጥያቄው «ዶሰጓንእን» ብሎ ሲጠይቅ አንቀጹ «ዶሰጓንኤሰ» ብሎ ጽፏል፤ ሞተሩ አላየሁም ይላል። በዚህ ላይ ክፍተቱ ራሱ አይታመንም። የአጻጻፍ ደንቡ ረዳት ግስን ነጥሎም አጋጥሞም መጻፍን በብዙ ቦታ ይፈቅዳል፤ ረጃጅም ጥምር ስሞችንም አንዱ ይነጥላቸዋል፣ ሌላው ይገጥማቸዋል። ይህን እንደ ወለል ይዤው እቀጥላለሁ። ከዚህ በታች የሚወርድ ዘዴ የለም።

ጥቅምት 8

ሁለተኛው ቁረጣ ቋንቋውን ጨርሶ አያውቅም። እያንዳንዱን ኧጀል በሁለት ሁለት ቀለም እየተንሸራተተ ይቆርጣል። «ዶሰጓንኤሰ» ዶሰ፣ ሰጓን፣ ጓንኤ፣ ኤሰ ይሆናል። ጥያቄው «ዶሰጓንእን» ቢልም ዶሰና ሰጓን ስለሚገናኙ አንቀጹ ይገኛል። «ኤሰ» በየቦታው የሚገኝ ስለሆነ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ቅጥያ ነው ብሎ ማንም ሳይነግረው ሞተሩ ይንቀዋል።

ዝላዩ አስገርሞኛል። ከክፍተት ቁረጣው ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ማስቀመጥ እስኪያሳፍር ድረስ ይበልጣል። ምክንያቱ የቋንቋው ታሪክ ውስጥ አለ። ከቻይናኛ የመጡት የኮሪያኛ ስሞች በብዛት ባለ ሁለት ቀለም ናቸው፤ ረጃጅሞቹም እነዚህኑ ጥንዶች በመደርደር የተሠሩ ናቸው። ሁለት ቀለም መቁረጥ ማለት ሳያውቁ መገጣጠሚያው ላይ ቢላ ማሳረፍ ነው። የኮሪያ ተመራማሪዎች ይህን የተረዱት ቀደም ብለው ነው። በ1996 ዙሪክ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የመረጃ ፍለጋ ጉባኤ ኮሪያኛን በእንዲህ ያለ የተንሸራታች ቁረጣ ስለ መፈለግ ጥናት ቀርቦ ነበር። ሉሲን የተባለው ክፍት የፍለጋ ሶፍትዌርም ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ በጋራ ያዘጋጀው ተንታኝ ሥራው ይኸው ነው፤ ሁለት ሁለት መቁረጥ።

ክፍያም አለው። ማውጫው ያብጣል፤ መገጣጠሚያውን ስቶ ሲቆርጥም የሌለ ቃል ይፈጥራል። ኮሪያውያን የሚቀልዱበት ምሳሌ አለ፦ «ሴኡልሺቼዩክህዌ»። የሴኡል ከተማ ስፖርት ምክር ቤት ማለት ነው፤ «ሴኡልሺ» ከተማው፣ «ቼዩክህዌ» የስፖርት ማኅበሩ። አለቦታው ቢቆረጥ ግን «ሴኡል» «ሺቼ» «ዩክህዌ» ይሆናል፤ ሴኡል፣ ሬሳ፣ ጥሬ ሥጋ። (ዩክህዌ ቀጫጭን ሆኖ የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ ነው። የክትፎ የሩቅ ዘመድ ነው ብዬ ሰንቤኒምን አስጎምጅቼዋለሁ።) ሬሳ የሚል ጥያቄ ያቀረበ ሰው በሁለት ቀለም ቁረጣ የስፖርት ምክር ቤት ሊመጣለት ይችላል ማለት ነው።

ጥቅምት 13

ወደ አዋቂዎቹ መጣሁ። የምዕላድ ተንታኝ የሚባለው ሶፍትዌር ዓረፍተ ነገሩን ወደ ስም፣ ግንድ፣ ቅጥያ ይፈታል፤ ለእያንዳንዱም የቃል ክፍሉን ይሰይማል። በፓይተን ለመጀመር ቀላሉ በር በ2014 የወጣው ኮኤንኤልፓይ ነው፤ በውስጡ ብዙ ተንታኞች አሉ። ሃናኑም ካይስት ከተባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ክማ ከሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ናቸው። ሜካብ ግን አመጣጡ ጃፓናዊ ነው፤ ለጃፓንኛ የተሠራውን ሞተር ኮሪያውያን ወስደው የራሳቸውን መዝገበ ቃላት አስገቡበት። የሠለጠነበት መረጃ በአብዛኛው ከሴጆንግ የጽሑፍ ክምችት የመጣ ነው። ይህም ከ1998 እስከ 2007 በመንግሥት ወጪ የተካሄደ ብሔራዊ ፕሮጀክት ውጤት ነው፤ ሰዎች ተቀምጠው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር የቃል ክፍሉን ምልክት አድርገውበታል። ዛሬ ኮሪያኛን የሚተነትን ማንኛውም ሰው ከዚያ ጎተራ የሚበላ ነው። ለአማርኛም እንዲህ ያለ የአሥር ዓመት ትዕግሥት የሚከፍል ባለ ገንዘብ ቢገኝ እላለሁ፤ ግን ወደ ሥራዬ ልመለስ።

ሜካብ የሚሠራው እንዲህ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሊቆረጥባቸው የሚችሉትን መንገዶች ሁሉ እንደ መረብ ይዘረጋል። እያንዳንዱ ቃል ዋጋ አለው፤ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን መቀመጣቸውም ዋጋ አለው። ከዚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ርካሹን መንገድ ይመርጣል። በኮሪያ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው «አበጂጋባንግኤድረጋሽንዳ» የሚል ክፍተት የሌለው ዓረፍተ ነገር አለ። «አበጂጋ ባንግኤ» ቢባል አባት ወደ ክፍል ይገባሉ፤ «አበጂ ጋባንግኤ» ቢባል አባት ወደ ቦርሳ ይገባሉ። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ የሚለየው የዋጋው ድምር ነው።

ክፍተት በትክክል ቢቀመጥም መንታነቱ አይጠፋም። «ናንን» ሦስት ነገር ነው፦ «እኔ» ከነቅጥያው፣ «የሚበር»፣ ወይም «የሚወጣ፣ የሚበቅል»። «ገረ» መራመድም መስቀልም ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም የመራመድ ግስ ከአናባቢ ፊት ሲደርስ የግንዱን የመጨረሻ ድምፅ ይለውጥና ከመስቀል ጋር አንድ ይሆናል። ለፍለጋ ግን ይህ ሁሉ እንደሚያስፈራው አይደለም። ሰዎች የሚፈልጉት በአብዛኛው ስም ነው።

የምይዘው ስሞችን፣ የግስና የቅጽል ግንዶችን፣ ቁጥሮችንና የውጭ ቃላትን ነው፤ ቅጥያዎቹን እጥላለሁ። ኪሳራ አለው። «ከሴኡል እስከ ቡሳን» እና «ከቡሳን እስከ ሴኡል» ቅጥያው ሲጣል አንድ ይሆናሉ። እዚህ ስብስብ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብርቅ ስለሆነ ተሸክሜዋለሁ፤ የባቡር ቲኬት መፈለጊያ ብሠራ ግን አልጥለውም ነበር።

ጥቅምት 15

ፍጥነት። ሜካብ ሁሉንም አንቀጾች ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰ። ክማ ዝርዝሩ ሀብታም ነው፤ ግን ጥሎት ምሳ መሄድ ያስፈልጋል። ለማውጫ ሥራ በሜካብ ጸናሁ።

ጥቅምት 19

የጠበቅኩት ሳይሆን ቀረ። ምዕላድ ተንታኙ ክፍተት ተከታዩን በሰፊው ቢበልጥም ቋንቋ የማያውቀውን ባለ ሁለት ቀለም ቁረጣ የበለጠው በጥቂቱ ብቻ ነው። ከዚያም አልፎ ባለ ሁለት ቀለሙ አንደኛ ያወጣቸው፣ ተንታኙ ግን ከ10 ውጪ የጣላቸው ጥያቄዎች አሉ። እነዚያን ለይቼ አንድ በአንድ አነበብኳቸው።

አብዛኞቹ የስም ነገር ናቸው። ተንታኙ የማያውቀው የሰው ስም፣ የቡድን ስም፣ የፊልም ስም ሲገጥመው በሚያውቃቸው ቁርጥራጮች ይበትነዋል። መበተኑ ራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ አንቀጹ ውስጥ በአንድ መንገድ፣ ጥያቄው ውስጥ በሌላ መንገድ መበተኑ ነው። ተንታኙ ርካሹን መንገድ የሚመርጠው ጎረቤት ቃላትን አይቶ ነው፤ ጎረቤት ሲለወጥ ምርጫውም ይለወጣል። «ሴጆንግዴዋንግ» የሚለውን እናስብ። «ሴጆንግ» እና «ዴዋንግ» ቢባል ታላቁ ንጉሥ ሴጆንግ ነው። «ሴጆንግዴ» ግን የሴጆንግ ዩኒቨርሲቲ አጭር ስም ነው፤ «ዋንግ» ንጉሥ ነው። ይህኛው ዝነኛ ስለሆነ በመዝገበ ቃላት ይድናል፤ ዝነኛ ያልሆነው ግን በእንዲህ ያለ መንታ መንገድ ላይ በየቀኑ ይጠፋል።

ከዚህ የገባኝ፣ ለፍለጋ ትክክለኛ ቁረጣ ሁለተኛ ነገር መሆኑ ነው። አንደኛው ወጥነት ነው። ማውጫው ላይም ጥያቄው ላይም አንድ ዓይነት ስህተት የሚሠራ ተንታኝ ፍለጋውን አይጎዳም፤ አንዴ ልክ፣ አንዴ ስህተት የሚሆነው ግን ይጎዳል። ባለ ሁለት ቀለሙ ቁረጣ ጉልበቱ ከዚህ ነው፤ ጎረቤት አያይም፣ ሐሳቡን አይለውጥም። ለሰዋስው ውድድር የተሠሩ ተንታኞች የሚለኩት ግን በትክክለኛነት ነው፤ ስለዚህ በውድድሩ ሁለት ነጥብ የጨመረ ተንታኝ ለፍለጋ ምንም ላይጨምር ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጥምር ቃሉንም ቁርጥራጮቹንም አብሮ ማውጫ ውስጥ ማስገባት ነው። ኖሪ የሚባለው የኮሪያኛ ተንታኝ ከ2018 ጀምሮ ከሉሲን ጋር ይመጣል፤ የሜካብን መዝገበ ቃላት ይጠቀማል፤ ሦስት ምርጫም ይሰጣል። ጥምሩን ሳይነኩ መተው፣ በትኖ ጥምሩን መጣል፣ ወይም ሁለቱንም መያዝ። ካልተነገረው የሚይዘው መካከለኛውን ነው፤ እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ሁለተኛው መፍትሔ ባለ ሁለት ቀለሙን ማውጫ ሳይጥሉ ከተንታኙ ማውጫ ጎን እንዲኖር አድርጎ ነጥባቸውን መደመር ነው። ይህኛው እስካሁን ከሞከርኳቸው ሁሉ የተሻለ ሆኗል፤ ሰንቤኒም «አያምርም» አለ፤ አልተሳሳተም።

ጥቅምት 21

የቢኤም25ን ሁለት ቁልፎች ነካካሁ። አንደኛው የቃል መደጋገም ምን ያህል ይቆጠር የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ረጅም ሰነድ ምን ያህል ይቀጣ የሚለው። የተለመዱት 1.2 እና 0.75 ናቸው። አንቀጾቹ በርዝመት ስለሚቀራረቡ ሁለተኛው ቁልፍ ብዙ አላንቀሳቀሰም። ባሉበት ተውኳቸው።

ጥቅምት 26

አሁንም የሚከሽፉትን ጥያቄዎች እያነበብኩ ነው። ይህ ከሁሉ የምወደው ሥራ ነው፤ ሰንጠረዥ የማይናገረውን ይናገራል።

መጀመሪያ ያየሁት የመጠይቅ ቃላትን ነው። የኮርኳድ ጥያቄዎች «ኑጉ» ማለትም ማን፣ «ሙኧት» ማለትም ምን እያሉ ይጨርሳሉ። በዊኪፒዲያ አንቀጽ ውስጥ ግን «ማን» ብሎ የሚጽፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቃሉ ብርቅ ነው፣ ብርቅ ሲሆን ደግሞ ቢኤም25 ከባድ ሚዛን ይሰጠዋል። ውጤቱ «ማን» የሚል ቃል በርዕሳቸው ያለባቸው የዘፈንና የድራማ አንቀጾች ወደ ላይ መውጣታቸው ነው። የመጠይቅ ቃላትን ከጥያቄው ላይ ብቻ፣ ከማውጫው ሳይሆን፣ አስወገድኩ። ትንሽ ለውጥ፣ ትልቅ እፎይታ።

ቀጥሎ የውጭ ቃላት አጻጻፍ። ከእንግሊዝኛ የገባው «ይዘት» የሚለው ቃል በደንቡ «ኮንቴንች» ነው፤ ብዙ ሰው ግን «ከንቴንች» ብሎ ይጽፈዋል። በሁለት ቀለም ቁረጣ የመጀመሪያው ጥንድ ይለያያል። ቀለሙን ወደ ፊደላቱ ስፈታው ግን ልዩነቱ አንድ አናባቢ ብቻ ነው። ያ የመባዛት ሒሳብ እዚህ ዋጋውን መለሰ፦ ብርቅ ለሆነ የጥያቄ ቃል ብቻ፣ በአንድ ፊደል የሚለያዩ የማውጫ ቃላትን ፈልጎ ዝቅ ባለ ሚዛን ይጨምራል። ለሁሉም ቃል ብፈቅድለት አጫጭሮቹ ቃላት እርስ በእርስ ይቀላቀላሉ፤ በኮሪያኛ አንድ አናባቢ መለወጥ ብዙ ጊዜ ሌላ ቃል ነው።

የፈተናው ጥያቄዎች የማያሳዩት፣ በእውነተኛ ተጠቃሚ ዘንድ ግን የማይቀር ሌላ ነገር አለ። የኮሪያ ሰው የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ሃንጉል ሳይቀይር ይጽፍና ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይወጣል። በተለመደው የኮሪያ ሰሌዳ ተነባቢዎቹ በግራ፣ አናባቢዎቹ በቀኝ እጅ ስለሆኑ እያንዳንዱን የላቲን ፊደል በሰሌዳው ላይ ወደሚጋራው የሃንጉል ፊደል መልሶ ቀለሞቹን መገጣጠም ይቻላል። ትላልቆቹ የፍለጋ ድርጅቶች ይህን በዝምታ ያስተካክላሉ። በስልክ መዝገብ ላይ ደግሞ ሰዎች የስሙን መነሻ ተነባቢዎች ብቻ ጽፈው ይፈልጋሉ። ሁለቱንም ጨመርኩ፤ ኮዱ ቀድሞ ስለነበረ ከሰዓት በፊት ያለቀ ሥራ ነው።

የቀረው ክምር የአገላለጽ ልዩነት ነው። ጥያቄው «ያረፈበት» ይላል፤ አንቀጹ «የተቀበረበት» ይላል። ይህን ቁረጣ አያድነውም።

ኅዳር 3

ስለዚህ የትርጉም ቬክተር። ጥያቄውንም አንቀጹንም የቋንቋ ሞዴል ወደ ቁጥሮች ድርድር ይለውጣቸውና ቅርበታቸው ይለካል። ቁረጣ ያለቀለት መስሎኝ ነበር፤ አላለቀለትም። ሞዴሉም ጽሑፉን ከማንበቡ በፊት ወደ ንዑስ ቁርጥራጮች ይከፍለዋል። በ2021 የወጣው ክሉ የተባለው የኮሪያኛ መመዘኛ አዘጋጆች የራሳቸውን ሞዴሎች ሲያሠለጥኑ መጀመሪያ በምዕላድ ተንታኝ ቆርጠው፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ንዑስ ቁርጥራጮች የከፈሉት። ሜካብ ከፊት በር ወጥቶ በጓሮ ተመልሷል።

ቬክተሩ «ያረፈበት»ን ከ«የተቀበረበት» ጋር ያገናኛል፤ ደስ ይላል። ግን የዓመተ ምሕረት ቁጥርንና ብርቅ ስምን ይዘነጋል። አንድን ንጉሥ ስጠይቀው ሌላውን ንጉሥ ያመጣልኛል፤ ሁለቱም ነገሥታት ናቸውና ለእሱ ይቀራረባሉ። የሁለቱን ዘዴዎች ዝርዝር በደረጃ ብቻ አዋሐድኳቸው። እያንዳንዱ አንቀጽ ከእያንዳንዱ ዝርዝር አንድ ለ60 ሲደመር ደረጃው ያህል ነጥብ ያገኛል፤ በአንዱ አንደኛ፣ በሌላው ሦስተኛ የወጣ አንቀጽ የ61ኛና የ63ኛ ክፋይ ድምር ይኖረዋል። ነጥቦቹ በተለያየ ሚዛን ቢሆኑም ችግር የለውም፤ የሚታየው ደረጃ ብቻ ነው። በላፕቶፕ አቅም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ግን በኮርኳድ ላይ ቬክተሩ ያመጣው ጭማሪ ከጠበቅኩት ያነሰ ነው፤ ምክንያቱንም ማወቅ አይከብድም። ጥያቄ አውጪዎቹ አንቀጹን እያዩ ነው የጻፉት፤ ቃላቱን ሳያውቁ ይገለብጣሉ። እንዲህ ያለ ስብስብ ቃል ለሚቆጥር ሞተር ያደላል። ሚስተር ታይዲ እና ሚራክል የተባሉት ባለ ብዙ ቋንቋ ስብስቦች ኮሪያኛን ጨምረዋል፤ ጥያቄዎቻቸው የተጻፉት መልሱ ያለበት አንቀጽ ሳይታይ ስለሆነ ለቬክተር የተሻለ ሜዳ ናቸው። (ሚራክል 18 ቋንቋዎች አሉት፤ ስዋሂሊና ዮሩባም አሉበት፤ አማርኛ የለም።)

ኅዳር 9

የመለኪያው ነገር አላስተኛኝም። በእኔ አደራረግ ለአንድ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ አንቀጽ ብቻ አለ፤ ያ የተወሰደበት አንቀጽ። ሞተሩ ግን መልሱን በግልጽ የያዘ ሌላ አንቀጽ አንደኛ አድርጎ ሲያመጣ እንደ ጥፋት ይቆጠርበታል። ሰንቤኒምና እኔ «ጥፋት» ከተባሉት የተወሰኑትን ለየብቻ ፈረድን፣ ከዚያ አነጻጸርን። ብዙዎቹ ጥፋት አይደሉም። በጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ተከራከርን፤ እሱ መልሱ ቃል በቃል ካልተጻፈ አይቆጠርም ይላል፤ እኔ አንባቢ ከተረዳው ይበቃል እላለሁ።

የቆየው የፍለጋ ጥናት ለዚህ መላ ነበረው። ቶኪዮ ላይ በጃፓን ብሔራዊ የኢንፎርማቲክስ ተቋም የሚካሄደው ኤንቲሲአር የተባለው የፍለጋ ሞተሮች መፈተኛ በ2002 በተጠናቀቀው ሦስተኛ ዙሩ የኮሪያኛ ጋዜጦችን ሲጨምር፣ የተወዳዳሪ ሞተሮች ሁሉ ከላይ ያወጧቸው ሰነዶች በአንድ ቋት ይሰበሰቡና ሰዎች ተገቢነታቸውን በደረጃ ይፈርዱ ነበር። አድካሚ ነው፤ ግን ዘዴዎች ሲለያዩ የሚያደላው ለማንም አይደለም። በዚሁ መንገድ የራሴን ትንሽ ቋት አቋቋምኩ፦ ከአራቱ ዘዴዎች የመጀመሪያዎቹን አሥር አሥር ውጤቶች ሰብስቤ፣ የየትኛው ዘዴ እንደሆነ ደብቄ፣ ሁለታችን እየፈረድን ነው። ቅደም ተከተሉ እስካሁን አልተገለበጠም፤ በተንታኙና በባለ ሁለት ቀለሙ መካከል የነበረው ቀጭን ልዩነት ግን ይበልጥ ቀጥኗል።

ኅዳር 14

አሁን ያለበት ሁኔታ። ሦስት ማውጫ አለ፦ በሜካብ የተቆረጠ፣ ጥምር ቃሉን ከነቁርጥራጩ የያዘ፤ ባለ ሁለት ቀለም፤ ቬክተር። ሦስቱ በደረጃ ይዋሐዳሉ። ቬክተሩን የሚችል ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ሁለቱ ብቻ ይበቃሉ፤ አንድ ብቻ መያዝ ያለበት ደግሞ ባለ ሁለት ቀለሙን ይያዝ፤ መዝገበ ቃላት አይጠይቅም፣ አዲስ ስም አያስደነግጠውም።

የተጠቃሚ መዝገበ ቃላት ፋይሉን ከዊኪፒዲያ የጽሑፍ ርዕሶች ሞልቼዋለሁ። አንድ ማሳሰቢያ ለሚከተለኝ፦ መዝገበ ቃላቱ በተለወጠ ቁጥር ማውጫው ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ካልሆነ የቆዩት አንቀጾች በቀድሞው ቢላ፣ አዳዲሶቹ ጥያቄዎች በአዲሱ ይቆረጣሉና ያ የወጥነት ችግር በሌላ በር ይገባል።

የሚቀጥለው ሥራ ክፍተት የሌላቸው ጥያቄዎች ናቸው። ከስልክ የሚጻፍ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍተት ይመጣል። ከፈተናው ጥያቄዎች ላይ ክፍተቱን ነቅዬ ሁሉንም ዘዴዎች እንደገና አስሮጣለሁ፤ ኮዱ ዛሬ ማታ ጀምሮ ይሠራል።